ሣሩ ሳይሸጥ እየጋሸበብኝ ነው

ጥያቄ፦ ወይን ጠጅ ቅጠል ያለውን ፔኒሴተም የተባለ የጌጥ ሣር ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ሥር በፖት አሳድጌ እሸጣለሁ። በየሳምንቱ ዩሪያ በጥብጬ አጠጣዋለሁ። ቅጠሉ ግን ረዝሞ ይጋሽባል፤ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ እየሄደ ነው። ፓክሎቡትራዞል የተባለውን እድገት የሚገታ መድኃኒት ገዝቻለሁ። ስንት ክዳን ልርጭበት?

መልስ፦ ጠርሙሱን ለጊዜው ያስቀምጡት። ዋናው ፍንጭ ቀለሙ ነው። ይህ ሣር በደንብ ወይን ጠጅ የሚሆነው ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ጥላ ሲበዛበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ብርሃን ፍለጋም ይመዘዛል። ዩሪያው ደግሞ ያባብሰዋል። ከኔቱ ሥር ያውጡት፤ ቅጠል ከቅጠል እንዳይነካካ ፖቶቹን ያራርቁ፤ ዩሪያውን ያቁሙ። ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል።

ካልበቃ ወደ መድኃኒቱ እንሂድ። ፓክሎቡትራዞል ተክሉ ጂብሬሊን የተባለውን የሚያስረዝም ሆርሞን በበቂ እንዳይሠራ ያግደዋል። የረዘመውን ግን አያሳጥርም። ስለዚህ ሣሩን ከአፈሩ ግማሽ ስንዝር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት። አዲሱ ቅጠል ብቅ ሲልና ሥሩ የፖቱን ዳር ሲነካ ይስጡት። ቅጠሉ ላይ ብቻ መርጨት ብክነት ነው። መድኃኒቱ በሥርና በግንድ ይገባል እንጂ ከቅጠል ወደ ታች አይወርድም። ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ ያጠጡት፤ አፉ 15 ሳንቲሜትር ለሆነ ፖት 120 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል።

በክዳን መለካቱን ግን እባክዎ ይተዉት። በአንድ ሊትር 4 ግራም ፓክሎቡትራዞል ያለው ምርት አለ፤ 250 ግራም ያለውም አለ። ለሙከራ የምመክረው በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ግራም ነው። ለ50 ሊትር ውሃ ከቀጭኑ (ባለ 4 ግራሙ) 62.5 ሚሊ ሊትር ሲገባ፣ ከወፍራሙ (ባለ 250 ግራሙ) የሚገባው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው! ወፍራሙን በክዳን ከለኩት ሣሩ ድንክ ሆኖ ይቀራል። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብበው፣ ጓንት አድርገው፣ በሲሪንጅ ይለኩ።

መጀመሪያ አሥር ፖት ላይ ይሞክሩ፤ ጥቂቱን ለማነጻጸር ሳይነኩ ይተዉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። አፈርዎ ኮምፖስት ከበዛበት መድኃኒቱን ስለሚይዝበት ኃይሉ ይቀንሳል፤ አሸዋማ ከሆነ ይበረታል።

መድኃኒቱ አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚያ አፈር ሌላ ችግኝ አያፍሉበት፤ ከፖቱ ሥር የሚወጣው ውሃም ወደ ቆስጣ መደብ እንዳይፈስ ያድርጉ።