ስለ ቶማስ ስታርዝልና ስለ ንቅለ ተከላ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ ቶማስ ስታርዝል ከ1926 እስከ 2017 የኖረ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመጀመሪያው የጉበት ንቅለ ተከላ ለምን አልተሳካም?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በ1963 አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ላይ ስታርዝል የሞከረለት የ3 ዓመት ልጅ ደም ፈስሶት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሞተ። የታመመ ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን በበቂ ስለማያመርት ከትንሽ ቁስል የሚፈሰው ደም እንኳ አይቆምም። ለቀጣዮቹ ሕሙማን ደም የሚያረጋ መድኃኒት ተሰጠ፤ ችግሩ ደግሞ ተገለበጠ። ጉበቱ ሲወጣ ትልቁ ደም መልስ ስለሚታገድ ከእግርና ከአንጀት የሚመለሰው ደም በቱቦ ዞሮ ወደ ልብ እንዲገባ ይደረግ ነበር። ደሙ ቱቦው ውስጥ ረጋ፤ ጓሉ ሳንባ ገባ። ስታርዝል ሰው ላይ መሥራቱን ከ3 ዓመት በላይ አቁሞ ወደ ላቦራቶሪው፣ ወደ ሙከራ ውሾቹ ተመለሰ። በእኔ እምነት ከቀዶ ሕክምናዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ውሳኔው ነው። በ1967 ጉበት የተተከለላት የ19 ወር ሕፃን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች፤ የገደላትም ተመልሶ የመጣው ካንሰር ነው።

ጥያቄ፦ ኩላሊት ላይስ?

መልስ፦ ሰውነት የተተከለውን አካል እንዳይገፋ የሚከላከለው መድኃኒት አዛታዮፕሪን ብቻውን ሲሰጥ አብዛኛው ኩላሊት አይቆይም ነበር። ስታርዝል ፕሬድኒሶን የተባለውን ስቴሮይድ ጨመረበት፤ ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ከጀመረ በኋላም መመለስ እንደሚቻል በ1963 አሳየ።

ጥያቄ፦ እናቴ ኩላሊት ተተክሎላት ታክሮሊመስ ትወስዳለች። በደም ምርመራዋ የመድኃኒቱ መጠን አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል።

መልስ፦ ታክሮሊመስም ሰውነት የተተከለውን እንዳይገፋ የሚከላከል፣ ስታርዝል ፒትስበርግ ላይ በ1989 ለሕሙማን መስጠት የጀመረው መድኃኒት ነው። በቀን ሁለቴ የሚወስዱ ከሆነ ደሙ የሚቀዳው ከማታው ኪኒን 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጠዋቱን ሳይውጡ ነው። ውጠው ከሄዱ ውጤቱ ያለ ልኩ ከፍ ይላል፤ በዚያ ተመሥርቶ መጠኑ ከተቀነሰ ሰውነታቸው ኩላሊቱን ሊገፋው ይችላል። ኪኒኑን በቦርሳ ይዘው ይሂዱ፣ ደም ሰጥተው ይዋጡ። የቲቢ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ደግሞ ለንቅለ ተከላ ሐኪማቸው በዚያው ቀን ይነገር፤ ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን ከደም ቶሎ ያጠፋዋል። እባክሽ መጠኑን በራሳችሁ አትለውጡ።

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ነኝ፤ ምርምር ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። እጄን በምን ላፍታታ?

መልስ፦ በአይጠ መጎጥ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ 10-0 በተባለው እጅግ ቀጭን ክር። መጀመሪያ የሞተ እንስሳ ደም ቅዳ ቆርጠህ መልሰህ ስፋ፤ ከዚያ ኩላሊት፣ በመጨረሻ ጉበት። ጉበት ላይ ከአንጀት የሚመጣው ደም የሚታገድበት ጊዜ ከ20 ደቂቃ ባያልፍ ይሻላል፤ ካለፈ ደሙ አንጀት ውስጥ ይከማቻል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ አንጀቱ ይጠቁራል። ፖርታሉን፣ ማለትም ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያመጣውን ደም መልስ፣ በፕላስቲክ ቀለበት ብታያይዘው ስፌት ይቀርልሃል። ጊዜ የሚበላው ከጉበቱ በላይ ያለው የደም መልስ ስፌት ስለሆነ እሱን ለብቻው ደጋግመህ ተለማመድ።