ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከሞተር ወድቄ ራጁ ደህና ነው ተባልኩ፤ እጄ ግን አልተሻለኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሞተር ለሥራም ለመዝናናትም እነዳለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ዊሊ፣ ማለትም የፊት ጎማ አንስቶ መንዳት እየተለማመድን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጎማው ከሚገባው በላይ ተነሳብኝና ወደ ኋላ ወደቅኩ። መጀመሪያ በመቀመጫዬ አረፍኩ፤ ከዚያ በቀኝ እጄ ተደገፍኩ። በማግስቱ ራጅ ተነሳሁ፤ ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው ተባልኩ። መቀመጫዬ ተሽሎኛል። እጄ ግን በአውራ ጣቴ በኩል አንጓዬ ላይ አሁንም ያመኛል፤ በተለይ ጋዝ ስሰጥ። ዳይክሎፌናክ እየወሰድኩ እነዳለሁ። እናቴ ወጌሻ ጋ ሂድ ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል? ልምምዱንስ ብቀጥል ችግር አለው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እንኳን አተረፈህ። መጀመሪያ እጅህን በዚህ ሳምንት እንደገና ታይ። እስክትታይ ድረስም ሞተሩን አቁም። ስለ ዊሊው ቀጥለን እናወራለን።

ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ዘርግቶ መሬት ይደገፋል። ያ ሁሉ ክብደት አንጓው ላይ ያርፋል። ከአውራ ጣት ሥር ስካፎይድ የምትባል፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል አጥንት አለች። ከአንጓ ትንንሽ አጥንቶች ሁሉ በብዛት የምትሰበረው እሷ ናት። ይህ ስብራት የሚበዛውም በአንተ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ነው። ስንጥቁ በጣም ቀጭን ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚነሳ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ የተነሳኸው ራጅ ደህና መሆኑ ብቻውን አያሳርፈኝም። ጥርጣሬ ካለ እጁ ተደግፎ ይቆይና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል። አንተ ይህን ጊዜ አልፈሃል።

አሁን አንድ ነገር ሞክር። የቀኝ አውራ ጣትህን ወደ ላይ ቀጥ አድርገህ ዘርጋው። ከሥሩ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታያለህ። እዚያ ላይ ቀስ ብለህ ተጫን። ግራህንም እንዲሁ አድርገህ አስተያየው። ቀኙ ለይቶ ካመመህ እኛ ሐኪሞች ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ስብራት አለ ብለን ነው የምንነሳው። ባያምህም ደግሞ መታየትህን አትተው።

ይህችን ትንሽ አጥንት ይህን ያህል የምናከብራት በደም ሥሯ ምክንያት ነው። አብዛኛው ደሟ የሚገባው በጣት በኩል ካለው ጫፏ ነው፤ ከዚያ ወደ ክንድ በኩል ይመለሳል። መሀሏ ላይ ስትሰበር ያኛው ጫፍ ደም ሊያጣ፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። በጊዜ ከተያዘና ካልተንሸራተተ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በጄሶ ይድናል። ካልተያዘ ግን ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ያኔ ከሌላ ቦታ አጥንት ተወስዶ በብሎን የሚታሰርበት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። እሱም ከቀረ አንጓው ከዓመታት በኋላ በብግነት ይደርቃል። እጅህ እንጀራህ ነውና ይህን አትለፈው። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነም አሁን አቁም፤ የአጥንትን መግጠም ያዘገያል።

ስትሄድ የአጥንት ሐኪም ጠይቅ። «በእጄ ተደግፌ ወድቄ በአውራ ጣቴ በኩል ሦስት ሳምንት አሞኛል፤ ስካፎይድ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ» በል። ለዚህች አጥንት ተብሎ በተለየ አቅጣጫ የሚነሳ ራጅ አለ። እሱም ካላሳየና ሕመሙ ካለ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። የመጀመሪያውን ራጅ ይዘህ ሂድ።

እናትህ ስለምታስብልህ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ወጌሻ እያሸን ነው። ነገር ግን የተሰነጠቀ ስካፎይድ ሲታሽ ሊንሸራተት ይችላል። ከዚህም የሚከፋ አለ። አጥንት የተሰበረ ሰው በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ተቋርጦበት እጁ ወይም እግሩ ሊበሰብስ ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት ከሚቆረጡት ውስጥ ሕፃናት አሉበት። ያሰረው ማንም ይሁን ማን፣ ጄሶም ቢሆን፣ ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ያንኑ ሰዓት ይፈታ።

መቀመጫህ መሻሉ ደስ ይላል። በመቀመጫ መውደቅ የጭራ አጥንትን ይጎዳል፤ ከበድ ካለ ደግሞ የታችኛው ደረትና ወገብ የሚገናኙበትን አከርካሪ ሊያደቅ ይችላል። ወገብህን ካመመህ፣ እግርህ ከደከመ፣ በብልትህና በመቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ ወይም ሽንት እምቢ ካለህ ነገ አትበል። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግባ።

አሁን ወደ ዊሊው። በሕዝብ መንገድ ላይ አታድርገው። ይህን ስልህ ወጣትነትህን ልቀማህ ፈልጌ አይደለም። የፊት ጎማው አየር ላይ እያለ መሪው አይታዘዝም። ሞተር በአብዛኛው የሚቆመው በፊት ፍሬን ነው፤ እሱም ያን ጊዜ የለም። ፊት ለፊትህንም በደንብ አታይም። የሚሻገር ልጅ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? ልጁ ስለ ልምምድህ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰው ከኋላ ጭኖ መሞከርማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

በእኛ አገር የሚበዙት ሞተሮች ጉልበታቸው አነስተኛ ነው። ጎማቸውን ለማንሳት ፍሪሲዮን ይዞ፣ ጋዝ ሰጥቶ ድንገት መልቀቅ ያስፈልጋል። ያ ድንገተኛ ግፊት ነው ጀማሪውን የሚጥለው። ሰውነት ወደ ኋላ ሲሄድ እጅም አብሮ ይጎተታል፤ ሳይታወቅ ጋዙ ይጨምራል፤ ጎማው ይበልጥ ይነሳል። የሚያወርደው የኋላ ፍሬን ነው። እግሩን ከኋላ ፍሬኑ ላይ ያላሳረፈ ሰው መመለሻ የለውም። በአንተ ላይ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል። ጎማው ጠምዘዝ ብሎ ካረፈ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጥና በጎን ይጥላል። ያኔ የትከሻ አጥንት ይሰበራል፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችም ሊበጠሱ ይችላሉ። እነሱ ከተበጠሱ ክንድ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በውጭ አገር ይህን የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ። በተዘጋ ሜዳ፣ ሞተሩ ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳይነሳ የሚያግድ መሣሪያ ተገጥሞለት ነው የሚለማመዱት። እጅህ ድኖ ፍላጎቱ ካልለቀቀህ የምለምንህ ይኸን ያህል ነው፦ ከሰውና ከመኪና የራቀ ሜዳ፣ የሚያውቅ አሠልጣኝ፣ ጀርባ የሚከላከል ልብስ፣ ወፍራም ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት። ብቻህን አትሁን።

ሄልሜት ላይ ጥቂት ልቆይ። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ግን ማሰሪያው ሲታሰር ነው። ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜትም ከውጭ ደህና ቢመስል መቀየር አለበት፤ ድንጋጤውን የሚውጠው የውስጡ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም።

ይህን ለጓደኞችህም አንብብላቸው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነስቶ ደህና ነኝ ሊልና ከሰዓታት በኋላ ሊወድቅ ይችላል፤ የራስ ቅል ውስጥ ደም ቀስ በቀስ ይጠራቀማልና። የመጀመሪያውን ቀን ሰው አብሮት ይሁን። ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሆስፒታል ውሰዱት። መሪው ሆዱን የወጋውም እንዲሁ ነው፤ ጣፊያ ወይም ጉበት ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል። የሆድ ሕመም ያለበትና የገረጣ ሰው ይተኛ አይባልም። ወድቆ አንገቱን ወይም ወገቡን ያመመውን እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ላይ አትጫኑት። ባለበት ይቆይ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ሄልሜቱንም መተንፈስ ካልከለከለው አትጎትቱ።

የቀረው ዳይክሎፌናኩ ነው። ሕመሙን እያደነዘዘ ምናልባት በተሰበረ እጅ ያስነዳሃል። ለሳምንታት ሲወሰድም ጨጓራን ያቆስላል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። አሁን አቁመው። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰህ የእጅህን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ታይ። ለሕመሙ የጉበት ችግር ከሌለብህ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ትችላለህ፤ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ አይለፍ። አንጓህን የሚደግፍ ማሰሪያ ከፋርማሲ ግዛና አውራ ጣትህን ጨምሮ እንዲይዝ አድርገህ እስክትታይ ድረስ እሰረው።