ከጃፓን የመጣው ሞተርና በቃል የቀረው ዋጋ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው። አምና የ1992 ኒሳን 240ኤስኤክስ በ6,500 ዶላር ገዛሁ። ስገዛው ስሞግ (የጭስ ምርመራ) ያለፈ ነበር። ጋራዥ ያለው አንድ የአገራችን ልጅ ከጃፓን የመጣ ባለ ቱርቦ ሞተር፣ ኤስአር20ዲኢቲ የሚባለውን፣ በ4,200 ዶላር ሊገጥምልኝ በቃል ተስማማን። ስሞግም ያልፋል አለኝ። 2,500 ቀብድ ከፈልኩ። ሥራው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ስሞግ ጣቢያ ስንወስደው ግን ኮፈኑን ከፍተው አይተው መለሱን። ጋራዡ አሁን ሒሳቡ 7,100 ሆኗል ይላል። ቀሪውንና በቀን 50 ዶላር የማቆሚያ ካልከፈልክ መኪናውን አልሰጥህም አለኝ። አሮጌው ሞተር ጓሮው ውስጥ ተቀምጧል። ከፍዬ ላውጣው? ኔቫዳ ባለው የአጎቴ ልጅ አድራሻ ላስመዝግበው? ወይስ ሽማግሌ ልላክ?»

መልስ፦ ከገንዘቡም ከመኪናውም በፊት የሚያሳስበኝ ጓሮ ውስጥ የተቀመጠው አሮጌው ሞተር ነው። ዛሬውኑ ለጋራዡ ባለቤት በስልክ መልእክትም ቢሆን በጽሑፍ ያሳውቁት፦ ሞተሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና አብረው የተፈቱት ዕቃዎች ሁሉ የእርስዎ ንብረት ናቸው፤ አይሸጡም፣ አይጣሉም። ፎቶም ያንሱ። ያ ሞተር ከጠፋ መኪናዎን ወደ ሕጋዊ መንገድ የሚመልሰው ርካሹ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በካሊፎርኒያ ሞተር መቀየር አልተከለከለም። ነገር ግን የሚገባው ሞተር ከመኪናው ጋር በአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት፤ አሜሪካ ውስጥ በጭስ ቁጥጥር ሕግ የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ ከራሱ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎች ጋር ሙሉ ሆኖ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ «ስሞግ ቼክ ረፈሪ» የሚባለው መርማሪ አይቶ ምልክት ይለጥፍበታል። 240ኤስኤክስ እዚህ አገር የተሸጠው ባለ 2.4 ሊትሩን የኬኤ24 ሞተር ይዞ ነው። ኤስአር20ዲኢቲ ግን ኒሳን አሜሪካ ውስጥ በሸጠው በአንድም መኪና ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ የሚወድቀው ገና በሁለተኛው መስፈርት ነው። የ1992 መኪና ምርመራ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ መለካት ብቻ ሳይሆን ኮፈን ከፍቶ ማየትንም ይጨምራል፤ ጭሱ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዓይን ምርመራው ይወድቃል። «ሌላ ዕቃ ጨምሬበት አሳልፈዋለሁ» ቢልዎት አይመኑት። በገንዘብ የሚያሳልፍ ጣቢያ አውቃለሁ የሚልዎት ሰው ካለ ደግሞ ይራቁት፤ እሱ ወንጀል ነው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ከእርስዎ ጋር ነው። የካሊፎርኒያ የንግድና የሙያ ሕግ ቁጥር 9884.9 ጋራዥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዕቃና የጉልበት ዋጋ ግምት በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከግምቱ በላይ ለማስከፈልም ተጨማሪውን ሥራ ከመሥራቱ በፊት የባለንብረቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። በ1975 ቤኔት እና ሄይስ በተከራከሩበት ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የጽሑፍ ግምት ያልሰጠ ጠጋኝ ለሠራው ሥራ ዋጋ መጠየቅ እንደማይችል ወስኗል። ሰነዶቹን አላየሁም። ነገሩ እንደጻፉልኝ ከሆነ ግን 7,100 ቀርቶ ቀሪውን 1,700 መጠየቁም ያጠራጥራል። በዚያ ላይ «ስሞግ ያልፋል» ብሎ መሸጡ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ደንበኛን የሚያሳስት ቃል ጋራዡን ፈቃዱን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

የአገር ልጅ ስለሆነ ወረቀት መጠየቁ ነውር መስሎ እንደታየዎት ይገባኛል። በየጊዜው የማየው ይህንኑ ነው፤ ያሳዝነኛልም፤ ምክንያቱም በመጨረሻ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ወዳጅነቱም ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የእኛው ሰው አባባል ነው።

ጋራዡ በካሊፎርኒያ የአውቶሞቲቭ ጥገና ቢሮ የተመዘገበ መሆኑንም በቢሮው ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ካልተመዘገበ በቁጥር 9884.16 መሠረት መኪናውን ይዞ የማቆየትም ሆነ በውሉ የመክሰስ መብት የለውም።

መኪናውን መያዙን በተመለከተ፣ የተመዘገበ ጋራዥ ለሠራበት ዋጋ መኪና የመያዝ መብት አለው። መብቱ ግን ገደብ አለው። የሚጀምረው ሒሳቡን በጽሑፍ ሲያቀርብ ወይም ሥራው ካለቀ 15 ቀን ሲሞላ ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይቆጠራል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ መኪናውን ለመሸጥ ፈቃድ ካልጠየቀ ወይም በፍርድ ቤት ክስ ካልመሠረተ መብቱ ይጠፋል። ሥራው ካለቀ ሁለት ወር ከሆነ 45ቱ ቀን አልፏል ማለት ነው። እስካሁን የሽያጭ ማስታወቂያ ወይም የክስ መጥሪያ ደርሶዎታል? ካልደረሰዎት ጋራዡ መኪናውን የያዘው ያለ መብት ሳይሆን አይቀርም፤ የቀን 50 ዶላሩም የሚቆምበት መሠረት አይታየኝም። ማስታወቂያ ከዲኤምቪ (ከተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት) ከመጣ ግን አንድ ቀን አያሳድሩት፤ አብሮት የሚመጣውን የተቃውሞ ቅጽ ፈርመው በ10 ቀን ውስጥ ይመልሱ። ተቃውሞ ከገባ ጋራዡ ያለ ፍርድ ቤት ወይም ያለ እርስዎ ፈቃድ መሸጥ አይችልም።

ስለዚህ «ከፍዬ ላውጣው?» ላሉት መልሴ አሁን አይክፈሉ ነው። ያለ ስሞግ በሕጋዊ መንገድ ሊነዱት የማይችሉትን መኪና ለማውጣት ምን ያጣድፍዎታል? ከታች የምመለስበት ሽምግልና ካልሠራ ለጥገና ቢሮው አቤቱታ ያስገቡ። ክፍያ የለውም፤ ሠራተኞቹ ጋራዡን ራሳቸው አነጋግረው ሊያስማሙ ይሞክራሉ። ጎን ለጎን ከሌላ የተመዘገበ ጋራዥ አሮጌውን ሞተር መልሶ ለመግጠም ስንት እንደሚፈጅ የጽሑፍ ግምት ያስወጡ። ያ ወረቀት የኪሳራዎ ልክ ነው። ሲገዙት የነበረው የስሞግ ሰርተፊኬትም መኪናው ከመነካቱ በፊት ደኅና እንደነበር ይመሰክራል። የተለዋወጡትን የስልክ መልእክት ሁሉ አትመው ያስቀምጡ።

በቢሮው ካልተፈታ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚያየው ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት አለ። ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር መጠየቅ ይችላል፤ በችሎቱ ሁለቱም ወገኖች ያለ ጠበቃ ይቀርባሉ። ቀብዱን፣ ሞተሩን የመመለሻ ወጪውንና መኪናውን ይጠይቁ። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ ክሱን ሲያስገቡ ያመልክቱ። የቃል ውል ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

የኔቫዳውን ሐሳብ ይተዉት። ሳን ሆዜ እያደረ ሳን ሆዜ የሚነዳ መኪና የሚመዘገበው ካሊፎርኒያ ነው። በውሸት አድራሻ አስመዝግበው አደጋ ቢደርስብዎ ኢንሹራንሱ አልከፍልም የሚልበትን ምክንያት በእጁ ሰጡት ማለት ነው። በዚያ ላይ ላስ ቬጋስና ሪኖም የጭስ ምርመራ አላቸው።

መኪናውን እንደሚወዱት ከደብዳቤዎ ይታያል፤ ደስ ብሎኛል። በትንሽ ገንዘብ ሕጉ ሳይነካዎት ብዙ ማድረግ ይችላሉ። ሞላና ፍሬኑን ማሻሻል ይፈቀዳል፤ ዝቅ ሲያደርጉት ብቻ የትኛውም የአካሉ ክፍል ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ። ከካታሊቲክ በኋላ ያለውን ማርሚታ መቀየር ይቻላል፤ ድምፁ ግን ከ95 ዴሲቤል አይለፍ። የአየር ማስገቢያ፣ ቱርቦ ወይም አዲስ ካታሊቲክ ሲገዙ የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ ቁጥር የሌለው ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ስሞግ ላይ ይጥልዎታል። የቀየሩትን ሁሉ ለኢንሹራንስዎ ያሳውቁ።

ሽማግሌ መላኩን አልቃወምም፤ እንዲያውም ቢሮው ከመጠራቱ በፊት አንድ ጊዜ ቢሞከር እመርጣለሁ። ሰውየው ፈቃዱንና ስሙን የሚያሳስበው ከሆነ ሊሰማ ይችላል። ሽማግሌዎቹ ይዘው የሚሄዱት ጥያቄ ግን ጥርት ያለ ይሁን፦ የጃፓኑን ሞተር አውጥቶ ይውሰድ፣ አሮጌውን በራሱ ወጪ መልሶ ይግጠም፣ ስሞግ ሲያልፍ ብቻ ስለ ቀብዱ ይነጋገሩ። ከተስማሙ ቀኑ ተጽፎበት ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንዱን ቅጂ ሽማግሌዎቹ ይያዙት። የሽያጭ ማስታወቂያ በመሐል ከመጣ ሽምግልናው ቢቀጥልም የተቃውሞ ቅጹን በ10 ቀን ውስጥ ይላኩ።