ጥያቄና መልስ፦ አክራሪነትን መከላከል የመንግሥታት ሥራ ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ነዋሪነቴ አንኮበር ነው። ለንግድ አልዩ አምባ እየወረድኩ ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር እውላለሁ። በቀደም በጽዋ ማኅበራችን በሊቢያ በአይኤስ አሸባሪዎች የታረዱት ወንድሞቻችን ነገር ሲነሳ፣ አንዱ «ይኼ የዓለም መንግሥታት ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለ። ሌላው ደግሞ «ከእነሱ ጋር መገበያየቱንም መተው ነው» አለ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱንም አትስሚ።

መንግሥታት ድርሻ የላቸውም አልልም። ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 13 ጽፏል። የእነዚህ ገዳዮች ገንዘብም ሰውም ድንበር ስለሚሻገር አንድ አገር ብቻውን አይወጣውም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት መስከረም 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 2178፣ ለሽብር የሚጓዘውን፣ የሚመለምለውንና ገንዘብ የሚያቀብለውን አገሮች ሁሉ በሕግ እንዲከለክሉ አዝዟል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 11፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ የወንድሞቻችን መታረድ በቪዲዮ ወጣ። ውሳኔው ከተላለፈ ገና ሰባት ወር አልሞላውም ነበር።

ጌታ በዮሐንስ 16፣ የሚገድሏችሁ ሁሉ እግዚአብሔርን ያገለገሉ የሚመስላቸው ጊዜ ይመጣል ብሎናል። ይህን «መምሰል» ከልብ ውስጥ ወታደር አይነቅለውም። የሙስሊሙን ልጅ ሼኹ፣ የእኛን ልጅ እኛ ካህናቱና መምህራኑ ካልመለስነው ማን ይመልሰዋል?

«የእኛን» ማለቴ አያስደንግጥሽ። ሰማርያውያን አላስተናግድ ቢሏቸው «እሳት ከሰማይ ይውረድባቸው እንበልን?» ያሉት እኮ ያዕቆብና ዮሐንስ ናቸው (ሉቃስ 9)፤ ጌታም ገሠጻቸው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን አይተው ደብረ ብርሃንን መሠረቱ ብለን በኩራት እንተርካለን። ብርሃኑ የታየው ግን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ እዚያው ከተወገሩ በኋላ ነው። ይህን ስንተርክ ድምፃችን ዝቅ ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት ዘልዬው ነው ያስተማርኩት።

መገበያየቱን በተመለከተ፣ ማንም አልከለከለሽም። የመካን ስደተኞች የተቀበለው እኮ የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ነው። ምናልባት ሥጋው ይሆናል ያሳሰበሽ። ባራኪያችን ይለያያል፣ ያ ሥርዓት ነው፤ ጠብቂው። ሥርዓት መጠበቅ አክራሪነት አይደለም፤ ሰውየውን ራሱን እንደ እርኩስ ማየት ሲመጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እነሱም ቢሆኑ የእኛን ሥጋ አይበሉም፤ ቡናውን ግን አብራችሁ ትጠጣላችሁ።

አንድ ነገር አደራ። ያን ቪዲዮ በስልክሽ ቢልኩልሽ አትክፈቺው፣ ለሌላም አታስተላልፊ። ገዳዮቹ የቀረጹት እንዲዞርላቸው፣ እኛም ፈርተን ወይም ተቆጥተን ጎረቤታችንን እንድንጠላ ነው። ሟቾቹን በጸሎት አስቢ። ስለ ገዳዮቹም ጸልዪ፤ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ግን እየተወገረ ለወጋሪዎቹ ጸልዮላቸዋል።

መገበያየት ይቅር ያለውን ወንድም በማኅበሩ ፊት አትዝለፊው። ለሚመጣው ገበያ አብሮሽ አልዩ አምባ እንዲወርድ ለምኚው። ጭነትም ያግዝሽ።