ዘ ሄግ ስላለው የምስክሮች ጥበቃ ኢንተርንሺፕ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። በሕግ ተመርቀሽ ማስተርስሽን ልትጨርሺ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዘ ሄግ ከተማ ያለው የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት (አይሲሲ) በምስክሮች ጥበቃ ክፍሉ የትንተና ኢንተርን እንደሚፈልግ አይተሽ፣ «ሥራው በትክክል ምንድን ነው? አደጋ የለውም ወይ? ያለ ደመወዝስ ያዋጣል?» ብለሻል። እኔ እዚያ በኢንተርንነት ሠርቻለሁ። ምስጢር ለመጠበቅ ስለፈረምኩ ካየኋቸው ፋይሎች አንድም ነገር አልነግርሽም። የማነሳቸው ጉዳዮች በሙሉ በአደባባይ የታወቁ ናቸው። ዓመቶቹም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አደጋውን ቶሎ ልመልስልሽ። የምትውዪው ቢሮ ነው። ጥቁር መነጽር፣ ጥይት የማይበሳው መኪና ምናምን የለም። እኔ አንድም ምስክር በአካል አላገኘሁም። ቀኑን ሙሉ ታነቢያለሽ፣ ከዚያ ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ አለቃሽ የሰረዘችውን እንደገና ትጽፊያለሽ። የሚያደክመው የምታነቢው ነገር ክብደት ነው። እሱን ደግሞ ቤትሽ ሄደሽ ለማንም አታወሪውም። ይህ አንዳንድ ሰው ላይ ይበረታል።

ምን ታነቢያለሽ? ምስክሩ ስለሚኖርበት አካባቢ የተጻፈውን ሁሉ። የአገር ውስጥ ጋዜጣ፣ የሬዲዮ ዘገባ፣ የድርጅቶች ሪፖርት፣ የፌስቡክ ገጽ። ተከሳሹ እዚያ ደጋፊ አለው? ደጋፊዎቹ ማድረግ ይችላሉ ወይስ ማውራት ብቻ ነው? ቀደም ሲል በመሰከረ ሰው ላይ ምን ደረሰ? የአካባቢው ፖሊስ ከማን ጋር ነው? ሰውየው ቢጠፋ ጎረቤት በስንት ቀን ይጠረጥራል? ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የስጋት ግምገማ ይሆናል። ውሳኔውን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ አንቺ ግብዓቱን ታዘጋጂያለሽ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ ላይ «ምስክሩ አደጋ ላይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ተሰረዘ። ከማን? በምን መንገድ? መቼ? በምን አወቅሽ? አምስት ድረ ገጾች ያወጡት ወሬ ምንጩ አንድ ሰው ከሆነ አንድ ምንጭ ነው እንጂ አምስት አይደለም። ሕግ ስንማር የሚወደድልን አንደበት እዚህ ዋጋ የለውም። ደረቅ አድርገሽ ትጽፊያለሽ፣ ያላወቅሽውንም «አልታወቀም» ብለሽ ትተዪዋለሽ።

አሁን ብዙ ሰው የማይገባው ነገር። ይህ ክፍል የአቃቤ ሕጉ አይደለም። ፍርድ ቤቱን ባቋቋመው በሮም ስምምነት አንቀጽ 43(6) መሠረት የተቋቋመው በፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። የአቃቤ ሕግን ምስክርም የተከሳሽን ምስክርም እኩል ይጠብቃል። ስለዚህ «ይሄ ሰው እውነቱን ነው የሚናገረው?» የሚለው የአንቺ ጥያቄ አይደለም፤ የዳኞች ነው። የአንቺ ጥያቄ «መሰከረ ተብሎ ምን ሊደርስበት ይችላል?» የሚለው ብቻ ነው። ለመናገር ቀላል ነው። ፋይል ስታነቢ ግን ሳታስቢው ለአንዱ ማድላት ይመጣል።

የኮንጎውን የታጣቂ ቡድን መሪ የቶማስ ሉባንጋን ችሎት እይው። በጃንዋሪ 2009 የመጀመሪያው ምስክር ቀረበ፤ ልጅ ሆኖ ወታደር ተደርጎ የነበረ ነው የተባለ። ጠዋት ታጣቂዎች እንደወሰዱት ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ቃሉን ካደ። በኋላ፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት እንዳያይ ተደርጎ፣ ተመልሶ መሰከረ። እስከዚህ ያለውን ብቻ ያየ ሰው «ፈርቶ ነው እንጂ እውነቱን ነበር» ይላል። በ2012 ፍርዱ ሲሰጥ ግን ዳኞቹ በዚህ ምስክር ቃል አልተመኩም። ሰው ፈራ ማለት እውነት ተናገረ ማለት አይደለም። ቃሉ ተዓማኒ አልሆነም ማለትም አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ነው ሥራው።

ሌላው ስም የመደበቅ ነገር ነው። ምስክር ችሎት ላይ በቁጥር ይጠራል፣ ፊቱ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ ካስፈለገም ችሎቱ ዝግ ይሆናል። ይህ ግን ከሕዝብ ለመደበቅ ነው። አንቀጽ 68 ጥበቃው የተከሳሹን መብት እንዳይነካ ስለሚል፣ በአብዛኛው ተከሳሹና ጠበቃው ምስክሩ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ከሕዝብ መደበቁም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። በ2013 በኬንያው ፖለቲከኛ በዊሊያም ሩቶ ችሎት (ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት ነው የተከሰሰው) የመጀመሪያዋ ምስክር ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ስትናገር፣ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ስሟ ይሄ ነው እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ዳኛ ቺሌ ኤቦኤ-ኦሱጂ ይህ ወንጀል ነው ብለው ማስጠንቀቅ ነበረባቸው። የሰፈር ሰው አንዲት ፍንጭ ይበቃዋል፤ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ተጠልላ እንደነበረች፣ ከየት በኩል እንደሮጠች። የሩቶ ክስ በ2016 ተቋረጠ፤ ዳኛ ኤቦኤ-ኦሱጂም ምስክሮች ላይ የተደረገውን ጣልቃ ገብነት በግልጽ ነቅፈዋል። ደግሞም ምስክር የሚበላሸው በዛቻ ብቻ አይደለም። የኮንጎው ፖለቲከኛ ዣን ፒየር ቤምባና አራት ሰዎች በዚያው በ2016 ጥፋተኛ የተባሉት ምስክሮችን በማባበልና ቃል በማስጠናት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲንቀሳቀስም ትከታተያለሽ።

ጥበቃው ራሱም ሊያጋልጥ ይችላል። ከውጭ አገር ቁጥር የሚደወል ስልክ፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ነጭ ላንድክሩዘር፣ ድንገት የተከፈለ የቤት ኪራይ። ጎረቤት ዓይን አለው።

ለዚህ ነው ምስክርን ወደ ሌላ አገር ማዛወር የመጨረሻው አማራጭ የሚሆነው። ከውጭ ሲያዩት ዕድል ይመስላል፤ በተለይ እኛ ዘንድ «ውጭ ወጣ» ከተባለ አለቀ። የተዛወረው ሰው ግን ለቅሶ አይደርስ፣ ሰርግ አይጠራ፣ ለእናቱ እንደልቡ አይደውል። የሚቀበለውም አገር መፈለግ አለበት። በ2011 ሦስት ኮንጎአውያን ከኪንሻሳ እስር ቤት መጥተው በዘ ሄግ ከመሰከሩ በኋላ፣ የወቅቱን የኮንጎ ፕሬዝዳንት ካቢላን የሚነካ ነገር ስለተናገርን አንመለስም ብለው ኔዘርላንድስን ጥገኝነት ጠየቁ። ነገሩ በፍርድ ቤቱና በአገሪቱ መካከል ሲንከባለል ቆይቶ በ2014 ተመለሱ። ኢንተርቪው ከደረሰሽ ይህን ጉዳይ አንብበሽ ግቢ። በሌላው የኮንጎ ታጣቂ መሪ በካታንጋ ክስ በ2008 የይግባኝ ችሎቱ አቃቤ ሕግ በራሱ ውሳኔ ምስክር ማዛወር አይችልም ያለበትንም ጨምሪ። የክፍሉን ሥልጣን የሚያስረዳ ከእሱ የተሻለ ጽሑፍ አላገኘሁም።

ወደ ገንዘቡ። እኔ አልተከፈለኝም። ዘ ሄግ ደግሞ ኪራይ እሳት ነው። በማደግ ላይ ካሉ አባል አገራት ለሚመጡ ድጎማ የሚሰጥበት ፈንድ አለ፤ ኢትዮጵያ ግን የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። ከአባል አገራት ውጭ የሚወሰዱት ኢንተርኖችም ጥቂት ናቸው። (እዚህ ላይ ሰው «አይሲሲ ኢትዮጵያዊ ላይ ፈርዶ የለም ወይ?» እያለ ይምታታበታል። በደርግ ዘመን ጎጃም ውስጥ በተፈጸመ ወንጀል እሸቱ ዓለሙ በ2017 የዕድሜ ልክ የተፈረደበት ዘ ሄግ ነው፤ የፈረደው ግን የኔዘርላንድስ የራሷ ፍርድ ቤት ነው።) እኔ የቻልኩት እዚያው ኔዘርላንድስ ተማሪ ስለነበርኩ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በራስ ወጪ መሄድን ግን አልመክርሽም፤ ቤተሰብ ብድር እንዲገባ የሚያደርግ ነገር አይደለም።

የታንዛኒያዋን አሩሻንም ተመልከቺ። የሩዋንዳና የዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤቶችን ሥራ የተረከበው የተመድ ተቋም እዚያ ቅርንጫፍ አለው፤ ዛሬም ከ3,000 በላይ ምስክሮችን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ተመድ ስለሆነ አባልነቱ ችግር አይሆንብሽም። ክፍያ እዚያም የለም፣ ኑሮው ግን ይቀላል። ችሎቱ ካለቀ በኋላ ጥበቃ ለምን እንደሚቀጥል የሚያሳየውም እዚያ ነው። በዘር ማጥፋት ወንጀል የተፈረደበት የቀድሞ የሩዋንዳ ሚኒስትር ኦጉስታን ንጊራባትዋሬ ቅጣቱን ለማስሻር ምስክሮች ቃላቸውን እንዲለውጡ በማድረግ በ2021 እንደገና ተፈርዶበታል። ችግሩ ተቋሙ እየጠበበ ነው፤ ቦታ ላይወጣ ይችላል።

ማመልከቻሽ ላይ «ለፍትህ ያለኝ ጥልቅ ፍቅር» የሚለውን አውጪው። ሁሉም ይጽፈዋል። በእሱ ፈንታ የራሳችንን የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 (ይቺ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) ከሮም ስምምነት ጋር አስተያይተሽ ሁለት ገጽ ጻፊና እንደ ናሙና አያይዢው። ፈረንሳይኛ ካለሽ ሲቪሽ ላይ ከፍ አድርጊው፤ የኮንጎና የመካከለኛው አፍሪካ ሰነድ ብዙው በእሱ ነው። ኤክሴል ላይ ጎበዝ ከሆንሽም አትደብቂው። ናሙናውን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አይቼ አስተያየት እሰጥሻለሁ።