አባባን ወይም እማማን ነርሲንግ ሆም ስናስገባ ማን ይከፍላል? ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሶሻል ወርከር ነኝ። ስለ ወላጆቻችሁ እንክብካቤ ወጪ ያስጨነቃችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡልኝ ጥያቄዎች የብዙዎቻችሁን ጭንቀት የሚነኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ እናቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ናቸው። ሜዲኬር ስላላቸው ነርሲንግ ሆሙን እሱ ይከፍላል አይደል?

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍለው እስኪያገግሙ ነው እንጂ እዚያ ለመኖር አይደለም። በመደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ሳይሆን መንግሥት በቀጥታ በሚሰጠው፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ በኋላ ለፊዚዮቴራፒ ወይም ለነርስ ክትትል ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት በሙሉ ይሸፈናሉ። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ከእናንተ የሚጠበቅ ክፍያ አለ፤ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር። ከ100 ቀን በኋላ ምንም የለም። መሻሻላቸው ታይቶ ሙያዊ ክትትል አያስፈልግም ከተባለም ቀደም ብሎ ይቆማል።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጊ። አልጋ ይዘው፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ሦስት ሌሊት ቢያድሩም መዝገቡ ላይ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ የቆዩ) ከተባሉ ቀኑ አይቆጠርላቸውም። ነርሷን «እናቴ እንደ ተኝቶ ታካሚ ነው የተመዘገቡት ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብለሽ ጠይቂያት። ይህን ሳያውቁ ወጥተው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከኪሳቸው የከፈሉ ቤተሰቦች ደጋግመው ገጥመውኛል።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላስ?

ወይ ከኪስ ወይ ሜዲኬድ (አቅም ለሌላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ነው። በ2024 በአገር አቀፍ ደረጃ መካከለኛው የነርሲንግ ሆም ዋጋ፣ ክፍል ለሁለት ተጋርቶ፣ በዓመት 111 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ተዕለት ኑሮ እየታገዙ የሚኖሩበት የአረጋውያን መኖሪያ) ወደ 71 ሺህ። ሜዲኬድ ግን ጥሪት የሌለውን ነው የሚረዳው፤ በብዙ ስቴቶች ላጤ አመልካች ሊኖረው የሚችለው 2,000 ዶላር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ አዲስ አበባ ያለውን ቤት አሁን በእኔ ስም ቢያዞሩት?

ወንድሜ፣ ሳታማክር እንዳታደርገው። ሜዲኬድ ወደ ኋላ 5 ዓመት ይመለከታል፤ አገር ቤት ያለ ንብረትም ንብረት ነው። በስጦታ የሄደው ገንዘብ በአካባቢው የነርሲንግ ሆም አማካይ የወር ዋጋ ይካፈላል። ለምሳሌ 60 ሺህ ዶላር ተሰጥቶ የወሩ ዋጋ 10 ሺህ ቢሆን፣ ለስድስት ወር አይከፍሉላችሁም። ለዘመድ የተላከ ገንዘብም ያስጠይቃል። ዕቁብ የሚጥሉ ወላጆች ካሏችሁ ከባንክ የወጣው ብር ለምን እንደወጣ ከሰብሳቢው በጽሑፍ አስይዙ፤ ፋይሉን የምታየው ሠራተኛ ዕቁብ ምን እንደሆነ አታውቅም። የአረጋውያን ሕግ የሚሠራ ጠበቃ አንድ ሰዓት ማማከር ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ በግሪን ካርድ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ለአብዛኞቹ ሜዲኬድ የሚፈቀደው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ሜዲኬርም 65 ዓመት ሞልቷቸው 5 ዓመት በተከታታይ እዚህ ከኖሩ በክፍያ ይገዛል፤ የሥራ ታሪክ ለሌለው ሰው ፓርት ኤ (የሜዲኬር የሆስፒታል ክፍል) ብቻውን በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴን ሳስገባ «ሪስፖንሲብል ፓርቲ» (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) በሚለው ቦታ ፈርሚ አሉኝ።

እባክሽ ቀስ በይ። ነርሲንግ ሆም ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ የልጅን የግል ዋስትና መጠየቅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የእናትሽን ገንዘብ የምታስተዳድሪ ከሆነ ከእሳቸው ገንዘብ ለመክፈል ትፈርሚያለሽ፤ ከደሞዝሽ ለመክፈል ግን አይደለም። ከስምሽ ጎን «እንደ ወኪል ብቻ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፊበት፣ ኮፒውንም ይዘሽ ውጪ። እኔ ራሴ በአክስቴ ጊዜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ ሳላነብ ፈርሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ልጦራቸው ብፈልግስ?

በብዙ ስቴቶች ሜዲኬድ ለቤት ውስጥ እንክብካቤ ይከፍላል፤ አንዳንዶቹ ልጅን ራሱን ተንከባካቢ አድርገው ይቀጥራሉ። ተራ ስለሚኖረው ዛሬውኑ አመልክቱ። አንቺ ሥራ ስትውይ ደግሞ ዴይ ኬር አለ፤ ጠዋት ቫን መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ ከሰዓት ይመልሳቸዋል። ለመጀመር በካውንቲያችሁ ወዳለው የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ ደውሉ፤ ስትደውሉም አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ።