ቻምበር ሙዚቃ አጥንቼ መኖር እችላለሁ?

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጠያቂዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ መጥታ ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቀውን የአውታር መሣሪያ፣ የጀመረችው እዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ሰመር በአንድ የሙዚቃ ካምፕ ከሦስት ልጆች ጋር ሆና የቼኩን አቀናባሪ የድቮርዣክን «አሜሪካን» ኳርቴት (ለአራት ተጫዋች የተጻፈ ሙዚቃ) ተጫወተች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ገብታ ቻምበር ሙዚቃ፣ ማለትም በጥቂት ሰዎች ቡድን የሚጫወቱትን ሙዚቃ፣ ማጥናት ትፈልጋለች። አባቷ «ነርሲንግ» ይላሉ፤ እናቷ «ኮምፒውተር»። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሻል፣ ሥራ ይገኝ እንደሆነና ወላጆቿን ምን ብላ እንደምታናግር ትጠይቃለች። «ማስተማር ግን አልፈልግም» ስትልም ጨምራለች።

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ስለዚያ ኳርቴት ላንሳ። ድቮርዣክ የጻፈው በ1893 ሰመር፣ አዮዋ ውስጥ ስፒልቪል በምትባል የቼኮች መንደር ተቀምጦ ነው። ያኔ ኒውዮርክ የነበረው ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር ነበር። ራሱም በወጣትነቱ በኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ይጫወት ነበር። የመክፈቻውን ዜማ ለቪዮላ መስጠቱ አይገርምም። አንቺንም የያዘሽ ያ ዜማ ይመስለኛል።

ግን የቪዮላ ተጫዋች ብዙውን ሰዓት የምታሳልፈው መሃል ላይ ሆና ነው። ሌላው ሲያዜም አንቺ አንድ ኖታ ደጋግመሽ ትጫወቻለሽ። ሀርመኒውን ትሞያለሽ። ከላይ ያለውን ቫዮሊን ከታች ካለው ቼሎ ጋር ታገናኛለሽ። ስለዚህ አንድ ፈተና ልስጥሽ። ከሀይድን 68 ኳርቴቶች አንዱን ምረጪ። የቪዮላውን ክፍል ብቻ ሳምንት ሙሉ ተለማመጂ። ከዚያ የኳርቴቱን ቀረጻ ከፍተሽ አብረሽ ተጫወቺ። ዜማው ሳይሰጥሽም ደስታው ካለ፣ ይህ ሙያ ያንቺ ሊሆን ይችላል። ከሌለ የወደድሽው ያንን ሰመርና እነዚያን ልጆች ይሆናል። እሱም መልካም ነገር ነው፤ ግን የአራት ዓመት ክፍያ አይከፈልበትም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። በባችለር ደረጃ «ቻምበር ሙዚቃ» ብለሽ የምትመዘገቢበት ቦታ ብርቅ ነው። የምታመለክቺው በቪዮላ ነው። ቻምበር ሙዚቃው በየሴሚስተሩ የምትወስጂው ኮርስ ይሆናል። ለብቻው ዲግሪ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በማስተርስ ነው። ለምሳሌ የሳን ፍራንሲስኮ ኮንሰርቫቶሪ በቻምበር ሙዚቃ ማስተርስ ይሰጣል። ጀርመን ውስጥም በርካታ የመንግሥት የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው። ስለዚህ «የትኛው ትምህርት ቤት ቻምበር ሙዚቃ አለው?» ብለሽ አትድከሚ። ሁሉም «አለን» ይሉሻል።

ጠበቅ አድርገሽ መጠየቅ ያለብሽ ውስጡን ነው። አንድ ቡድን በሳምንት ስንት ሰዓት መምህር አጠገቡ ተቀምጦ ያርመዋል? መምህሩ ራሱ በኳርቴት የኖረ ሰው ነው? የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ቡድን ይሰጠዋል ወይስ ይጠብቃል? የተስማማ ቡድን ሁለትና ሦስት ዓመት አብሮ መቆየት ይፈቀድለታል ወይስ በየሴሚስተሩ ይበተናል? ጥሩ ጥሩውን ዕድል የማስተርስ ተማሪዎች ይወስዱታል? ይህን የሚነግርሽ ድረ ገጹ ሳይሆን እዚያ የሚማሩት ልጆች ናቸው። ለጉብኝት ስትሄጂ ሁለት የቪዮላ ተማሪዎች ፈልገሽ ቡና ጋብዣቸው።

አሠራሩ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር ቡድኖች ይመደባሉ። መምህሩ በሳምንት አንዴ ይመጣል። በቀሩት ቀናት አራታችሁ ብቻችሁን ትለማመዳላችሁ። መጨረሻ ላይ ኮንሰርት አለ። ኮንዳክተር የለም። የምትጀምሩት በአንድ ሰው ትንፋሽና በዓይን ነው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው መምህሩ በሌለበት ልምምድ ላይ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ለሰው «ድምፅህ ዝቅ ብሏል»፣ «እዚህ ጋ እየቸኮልሽ ነው» ማለት ግድ ነው። ሳያቆስሉ መናገር፣ ሲነገሩም አለማኩረፍ። በእኛ አስተዳደግ ታላቅን ማረም ነውር ስለሆነ ይህ ለልጆቻችን ይከብዳል። ዝም ብለው ተጫውተው ይወጣሉ። አንቺ የአንደኛ ዓመት ሆነሽ የአራተኛ ዓመቱን ቫዮሊኒስት ማረም ይኖርብሻል። በትህትና፣ ግን በግልጽ። ካሁኑ በወጣቶች ኦርኬስትራሽ ውስጥ ሦስት ልጆች ሰብስበሽ ጀምሪው።

ከቡድኑ ቀጥሎ የሚወስነው የቪዮላ መምህርሽ ነው። አራት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ ለብቻሽ። ለሰውየው ወይም ለሴትየዋ አጭር ኢሜይል ላኪና የሙከራ ትምህርት ጠይቂ። የተለመደ ነው፤ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ያስከፍሉ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ስለ ትምህርት ቤቶቹ። ፒቦዲ ቅርብሽ ነው፣ ባልቲሞር። በ1857 የተመሠረተ፣ ዛሬ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከሆፕኪንስ ጋር በአምስት ዓመት ሁለት ዲግሪ የሚያስይዝ ፕሮግራም አለው። ግን በሁለቱም በኩል ለየብቻ ተቀባይነት ማግኘት አለብሽ፤ ኦዲሽኑም (ለመግባት ተጫውተሽ የምትፈተኚው) የትምህርት ውጤትሽም ጠንካራ መሆን አለባቸው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ለስቴቱ ነዋሪ ክፍያው በጣም ይቀንሳል። ጓርኔሪ ኳርቴት፣ ከ1964 እስከ 2009 የተጫወተው ያ ትልቅ ቡድን፣ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው እዚያ ነው። ልጆች ኮሌጅ ፓርክን «ሌላው ካልተሳካ» ብለው መጨረሻ ላይ ሲጽፉት አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። አንቺ ከላይ ጻፊው።

ኢስትማን በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ኒውዮርክ ስቴት። ይህን ለአባትሽም ንገሪያቸው፦ አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ የተማረው እዚያ ነው። «ኮቱራሲያ» የተባለው ሥራው የጃፓንን ኮቶ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር ያጫወተ ለትንሽ ቡድን የተጻፈ ሙዚቃ ነው። በኋላም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። መንገዱን የጀመርሽው አንቺ አይደለሽም።

የትምህርት ክፍያ የማይጠይቁም አሉ። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ ከ1928 ጀምሮ አያስከፍልም። ሎስ አንጀለስ ያለው የኮልበርን ኮንሰርቫቶሪም አያስከፍልም። ቦታቸው ግን እፍኝ አይሞላም። ሞክሪ፣ ግን ዕቅድሽን በእነሱ ላይ አታቁሚ። የየል የሙዚቃ ትምህርት ቤት በማስተርስ ደረጃ የገባውን ሁሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ይህ የሆነው በ2005 ከተሰጠው የ100 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ወዲህ ነው። እዚያ ደግሞ ቻምበር ሙዚቃ የትምህርቱ ዋና አካል ነው። ጀርመንም አብዛኞቹ ክልሎች አያስከፍሉም። ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ቋንቋውን መማር ይኖርብሻል። እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ባችለርሽን ያለ ዕዳ ወይም በትንሽ ዕዳ ጨርሺ፣ ትልቁን ስም በማስተርስ ፈልጊው።

ለምን ዕዳ ላይ እንዲህ እንደምጨክን ላስረዳሽ። አንድ ወጣት ኳርቴት ለአንድ ኮንሰርት 4,000 ዶላር ተከፈለው እንበል። ማናጀሩ 20 በመቶ ቢወስድ 3,200 ይቀራል። አውሮፕላን ለአምስት ወንበር ነው፤ ቼሎው የራሱን ወንበር ይይዛልና። ወንበሩ 300 ቢሆን 1,500 ሄደ። ሆቴል ለአራት ሰው፣ ለአንድ ሌሊት፣ 600። የቀረው 1,100 ለአራት ሲካፈል 275 ዶላር ነው። ለዚያ ኮንሰርት ስንት ሳምንት ተለማምዳችኋል? እንዲህ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ቡድኑን ቀድሞ የሚለቀው ብዙ ጊዜ የተማሪ ብድሩ በየወሩ የሚጠብቀው ልጅ ነው። አንዱ ሲለቅ ኳርቴቱ ይቆማል። ዕዳው የሚነካው አንቺን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ነው።

ታዲያ በምን ይኖራሉ? በኮንሰርት ብቻ የሚኖሩት ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ ብዙ ሥራ ያቀላቅላሉ፦ ኦርኬስትራ፣ ሠርግ፣ ቀረጻ፣ ማስተማር። የቡድን ትልቁ ሕልም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ እዚያ እየኖሩ መጫወት ነው። ያ ሥራ ደግሞ ማስተማርን ይጨምራል። ስለዚህ «ማስተማር አልፈልግም» ያልሽውን እንደገና አስቢበት። ጓርኔሪዎቹም አስተምረዋል። በሕዝብ ትምህርት ቤት የኦርኬስትራ መምህር መሆንም ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና ጡረታ ያለው የተከበረ ሥራ ነው። አሁን ወስኚ አልልሽም። በሩን ብቻ አትዝጊው።

በአካባቢሽ ያለ፣ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ሥራም አለ። የጦር ኃይሎች የሙዚቃ ቡድኖች። በ1798 የተቋቋመው የማሪን ባንድ ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ተጫዋቾች አሉት። ዋይት ሃውስ ውስጥ በትንንሽ ቡድን የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። አርሚውም ቨርጂኒያ፣ ፎርት ማየር ላይ የራሱ የአውታር መሣሪያ ቡድን አለው። ቋሚ ደመወዝ፣ የሕክምና ሽፋን፣ ጡረታ። ማሪን ባንድ የገቡ ሙዚቀኞች መሠረታዊ የውትድርና ሥልጠና አይወስዱም፤ የአርሚዎቹ ይወስዳሉ። ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ይወዳደራል። ዜግነትም ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ላይ ከሆንሽ ጊዜው ሲደርስ የዜግነት ማመልከቻውን አታዘግዪ።

ስፊንክስን ደግሞ ዛሬውኑ ፈልጊው። በ1996 ሚሺጋን ውስጥ የተጀመረ፣ ጥቁርና ላቲኖ የአውታር ተጫዋቾችን የሚደግፍ ድርጅት ነው። በየዓመቱ ውድድር አለው፤ ለታዳጊዎችም የተለየ ክፍል አለ። ሃርለም ኳርቴት የተመሠረተው ከውድድሩ አሸናፊዎች ነው። ባታሸንፊም እንዳንቺ ካሉ ልጆች ጋር ትተዋወቂያለሽ። የነገ ኳርቴትሽ ከዚያ ሊወጣ ይችላል።

ጊዜው አጭር ነው። ለብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውና የቅድመ ማጣሪያ ቪዲዮው ዲሴምበር 1 አካባቢ ይዘጋል። በአካል የሚደረገው ኦዲሽን ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። ለቪዮላ በብዛት የሚጠየቀው ከባህ የቼሎ ስዊቶች ወደ ቪዮላ የተዛወረ ክፍል፣ አንድ ኤትዩድ (የልምምድ ድርሰት) እና የኮንቸርቶ (ለብቸኛ ተጫዋችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ) አንድ ሙቭመንት ወይም ክፍል ነው። ከባዱ የዋልተን ኮንቸርቶ ገና ካልደረሰልሽ ተዪው። በንጹሕ ድምፅ የተጫወትሽው የስታሚትስ ኮንቸርቶ ከተንገዳገደ ዋልተን ይበልጣል። ሰመሩን በዝግጅት አሳልፊ፣ ኦክቶበር ላይ ቅረጺ። በአንድ ሙቭመንት መሃል መቁረጥና መቀጠል አይፈቀድም። የፒያኖ አጃቢ ካሁኑ ያዢ፤ ኖቬምበር ላይ ሁሉም ይያዛሉ። ማመልከቻው ራሱ በየትምህርት ቤቱ ገንዘብ ነው፤ ከአምስት ወይም ከስድስት አታብዢ። የቤተሰብሽ ገቢ አነስተኛ ከሆነ ክፍያው እንዲነሳልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

አሁን ወደ ወላጆችሽ። ፍርሃታቸው ትክክል ነው። አገር ለቀው፣ ቀንና ሌሊት ሠርተው ያቆሙት ቤት ነው። በሙዚቃ የሚኖር ሰው በቅርብ አላዩም። «አይገባችሁም» እንዳትያቸው። መጀመሪያ ይስሙ። ኮንግረስ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ኩሊጅ አዳራሽ በ1925 ለቻምበር ሙዚቃ የተሠራ ነው። ኮንሰርቱ በነጻ ነው፤ አስቀድሞ መመዝገብ ብቻ። ቤተ መጻሕፍቱ ስትራዲቫሪ በ1727 የሠራው ቪዮላ ሳይቀር አለው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀይ መስመር ዩኒየን ስቴሽን ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። አባትሽንና እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። አራት ሰው ያለ ኮንዳክተር እንዴት አብሮ እንደሚተነፍስ ይዩ።

ከዚያ ቁጥሩን አውጪ። ፋፍሳውን፣ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻውን፣ እንደተከፈተ ሙዪ። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የእርዳታ ቅጽም ይፈልጋሉ። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በአንደኛ ዓመት 5,500፣ በባችለር ሙሉ ቢበዛ 31,000 ዶላር ነው። ያንን ጣሪያ አድርጊው። ከዚያ በላይ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ፓረንት ፕላስ የሚባለውን፣ በአባትሽ ወይም በእናትሽ ስም የሚወሰደውን ብድር ያቀርባል። ያንን ወረቀት አታስፈርሚያቸው። ማርችና ኤፕሪል ላይ የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲደርሱ ስጦታውን ከብድሩ ለይተሽ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ የአራቱን ዓመት ደምሪ፣ ከሁለቱም ጋር ቁጭ በሉበት። ጥሩ ቪዮላ ተጫዋች ስለሚፈለግ ስኮላርሺፑን እንዲያሻሽሉልሽ መጠየቅም ትችያለሽ፤ የሌላውን ትምህርት ቤት ደብዳቤ አያይዘሽ በትህትና ጻፊላቸው። መልስ የሚሰጠው እስከ ሜይ 1 ነው። ደብዳቤዎቹ ግራ ካጋቡሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናነባቸዋለን።